ሁለት በግ ያረድንበት እንቁጣጣሽ

በእኛ ሰፈር ዓመት በዓል መጀመሪያ የሚደርሰው በአፍንጫ ነው። ዛሬ ጠዋት ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ጎረምሶች የበግ ራስና እግር ሲለበልቡ ሽታው በመስኮት ገብቶ ጆሮዬን ይዞ አስነሣኝ። ሐኪም ሥጋ ቀንስ ካለኝ ወዲህ አፍንጫዬ የጅብ ሆኗል፤ ሰበታ ላይ ቅቤ ሲነጠር እኔ ዓለም ገና ተቀምጬ ኮረሪማው ማነሱን አውቃለሁ። ሚስቴ አስካለ "ውሸታም" ትለኛለች። ልክ ናት፤ ግን ኮረሪማው ማነሱ እውነት ነው። የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ሌላውን ሰው አፍንጫውን ያስይዘዋል፤ እኔን ግን ሁለት በግ ወዳረድንበት እንቁጣጣሽ ይዞኝ ይሄዳል። ሁለት በግ ስላችሁ ሀብታም ነበርኩ ማለቴ አይደለም። ግራ ገብቶኝ ነው። ሌላው ሰው ግራ ሲገባው ጠበል ይጠመቃል፣ ሽማግሌ ይጠራል፤ እኔ በግ ጨመርኩ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ዓመተ ምሕረት የሚይዝ ጭንቅላት ቢኖረኝ የታሪክ አስተማሪ እሆን ነበር እንጂ የፋብሪካ ሰርቪስ ሾፌር አልሆንም። ባጃጅ ዓለም ገና ውስጥ ገና ብቅ ያለችበት ጊዜ ነው። ሕፃናት ከኋላዋ እየሮጡ የሚሸኟት፣ አሮጊቶች ሲሳፈሩ የሚያማትቡባት ጊዜ። ሞባይል የያዘ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ፉሪ ኮረብታ ላይ ወጥቶ "ሃሎ፣ ይሰማል?" እያለ ሲጮኽ፣ በስልኩ ባይሰማም በጩኸቱ ብቻ ጀሞ ድረስ ይሰማ ነበር። ያኔ ሙክት በሚገዛው ብር ዛሬ የሙክቱን ጅራት አያሳዩህም። አሁን ባንክ የቆመበት ጥግ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ ጳጉሜ ከገባ ጀምሮ ያችኑ አንዲት የበዓል ዘፈን ከንጋት እስከ ምሽት ሲያጫውት፣ ካሴቱ ከመላላቱ የተነሣ ሴቷ ዘፋኝ በበዓሉ ዋዜማ ወንድ ሆና ታርፈዋለች። ዛሬ ሁሉም በጆሮው ውስጥ ክር ከትቶ ለብቻው ነው የሚዘፈንለት። ያኔ ብትወድም ባትወድም አብረህ ትሰማለህ።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ቢፍቱ ወደ ቤታችን መጣች። አስካለና እኔ ልጅ አልወለድንም። ለምን እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ብዙዎቹ ምክንያቱን ወደ እኔ ያዘነብሉ ነበር፤ ተዉት። ብቻ ተመካክረን፣ አልቅሰን፣ እንደገና ተመካክረን፣ በጉዲፈቻ አንዲት ልጅ ለማሳደግ ወሰንን። የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ናት። እናቷ ቡራዩ ውስጥ ተከራይታ ስትኖር ታማ ሞተች፤ ከዚያ የግቢው ባለቤት የነበሩት አሮጊት አሳደጓት፤ እሳቸውም ተከተሉ። ቢፍቱ አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ፣ ኮንጎ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። እኔን "ጋሼ" አስካለን "እትዬ" እያለች፣ ሁለታችንንም አንቱ እያለች፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ተቀመጠች። ወረቀቱን የያዘችው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ እንዲህ አለችን፤ "የበዓሉ ማግስት እመጣለሁ። እናንተን ሳይሆን እሷን ለብቻዋ ነው የምጠይቃት። እዚህ መኖር አልፈልግም ካለች ሌላ ቤት ይፈለግላታል፤ እንዳትቀየሙኝ።" አስካለ ያን ሌሊት አልተኛችም። እኔም አልተኛሁም፤ ግን እኔ እያንኮራፋሁ ነው ያልተኛሁት።

ነገሩ የተበላሸው በቋንጣ ነው። አስካለ ልጅቷን ለማስደሰት ብላ ሰቅላ ያቆየችውን ቋንጣ ፍርፍር ሠራችላት። ቢፍቱ እንጀራውን እየለቀመች በላች፤ ቋንጣውን ግን አንድ በአንድ እያወጣች ከሳህኑ ጠርዝ ደረደረችው። የሰልፍ ሥነ ሥርዓት ይመስል ነበር። አስካለ አየችኝ፤ እኔም አየኋት፤ ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። በእኛ አገር ጎረቤት አብሮ ያለቅሳል፣ አብሮ ዕቁብ ይጥላል፣ አብሮ ይካሰሳል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ እስላሙም እስላም ያረደውን ይበላል። ልጅቷ እስላም ብትሆንስ? ወረቀቱ ላይ ስሟና የእናቷ ስም እንጂ ሃይማኖት የለም። ቢፍቱ የሚለው ስም ደግሞ ለሁለቱም የሚሆን ነው።

ምርመራ ጀመርኩ። እኔ መርማሪ ስሆን መርካቶ ሌባ አይኖርም ነበር። ማተብ አንገቷ ላይ የለም። "እስላም ናት" አልኩ። "ተበጥሶባት ቢሆንስ?" አለች አስካለ። ከሰፈር ልጆች ጋር ብይ ስትጫወት በመስኮት አደመጥኳት፤ "ማርያምን ወላሂ እኔ አልነካሁም" ስትል ሰማሁ። በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ማለች። ነጎድጓድ ሲመታ ምን ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ "እማዬ" አለች፤ እሱም ከሃይማኖት አያስቆጥርም።

በማግስቱ ቡራዩ ሄድኩ። ያኔ ቡራዩ ማለት ጭቃው ጫማህን የሚቀማህ፣ በየአጥሩ ሥር ኮባ የሚታይበት ከተማ ነው፤ አሁን ፎቁ በዝቶ መንገዱን ራሱ አላውቀውም። ቢፍቱ ያደገችበት ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት፣ የሟች አሮጊት ምራት፣ ልብስ ታጥባለች።

"አካም ቡልተኒ" አልኩ በምችለው ኦሮምኛ።

"ነጋ፣ ኦቦ" አለችኝና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ቢፍቱን ያሳደግናት እኛ ነን። ማለቴ ልናሳድጋት ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው፤ ልጅቷ እስላም ናት ክርስቲያን?"

ሴትዮዋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። "ምነው፣ ልትድሯት ነው?"

"ኧረ ለበዓል ነው። ሥጋ ልናበላት።"

"እንደሱማ ከሆነ" አለች ወደ ሳፋዋ እየተመለሰች፣ "በኢድ እነ ፋጡማ ቤት ትበላለች። በፋሲካ እኛ ቤት ትበላለች። በሌላው ቀን አትበላም።"

"እናቷስ?"

"እናቷን ማዘጋጃ ቤት ነው የቀበራት። ምን እንደሆነች ለማንም አልተናገረችም። እኛም አልጠየቅናት፤ የቤት ኪራይዋን ነበር የምንጠይቃት።"

ይህንን ተሸክሜ ተመለስኩና ለአስካለ ነገርኳት። "በቃ፣ ሁለቱንም ትበላለች ማለት ነው" አልኩ፤ ተገላገልኩ ብዬ። አስካለ ግን ጉዳዩን አልዘጋችም። "ርቧት ነዋ የበላችው" አለች። "የራበው ልጅ ይመርጣል? እኛ ቤት ግን እየራባት መብላት የለባትም። መርጣ ነው የምትበላው። ያለዚያ የሞተች እናቷን ሃይማኖት በበግ ወጥ ለወጥንባት ማለት ነው።" ይህች ሴት ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ለሳምንት የሚበቃ ራስ ምታት ትሰጥሃለች።

ከቤታችን አጠገብ ሐጂ ከድር የሚባሉ የስልጤ ሰው ሱቅ ነበራቸው። ከክብሪት እስከ ሚስማር፣ ከሚስማር እስከ ምክር ይሸጣሉ፤ ምክሩ በነፃ ነው፤ ጥራቱም ለዚያው ነው። እሳቸው ጋ ሄጄ የሱቁ መስኮት ላይ ተደግፌ ነገሩን ዘረገፍኩላቸው።

"ሙስሊም ከሆነች" አሉኝ ስኳር እየመዘኑ፣ "አንተ ያረድከውን ብትበላ በእሷ ላይ ምንም የለባትም፤ ሕፃን ናት። ያለው በአንተ ላይ ነው። አንተ ላይ ደግሞ አንድ ቢጨመር አይታወቅብህም።"

"ክርስቲያን ከሆነችስ፣ ሐጂ?"

"ያኔ እኔ ያረድኩትን ካበላሃት ቄሱ ይቆጣሃል። ለእኔ ግን ደስ ይለኛል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

ስኳሩን በወረቀት ጠቀለሉ። "እኔ አንድ በግ አመጣለሁ" አሉ በመጨረሻ። "እኔ አርዳለሁ፣ ባለቤቴ በራሷ ድስት ትሠራለች፣ ይዘን እንመጣለን። አንተም ያንተን እረድ። ልጅቷ ትምረጥ። ግን ከሱሉልታ የምታመጣውን ድመት በግ ነው ብለህ እኔ በግ አጠገብ እንዳታቆመው፤ በጌ ይደነግጣል።"

እኔ የሱሉልታ ልጅ ስለሆንኩ በግ ከሌላ ቦታ ገዝቼ አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ስለሚኖር፣ በግ ገዛህ ሳይሆን ቤተ ሰብ ጠየቅህ ይባላል። ሱሉልታ ያኔ ጉሙ ወፍራም ነው፤ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን ብትቆጥር ሁለቱ ይጎድሉብሃል። ድርቆሽ ከቤት በላይ ተከምሮ፣ የወተት ማመላለሻ መኪና ሲያልፍ ጣሳው ሲንኳኳ እንደ ደወል ይሰማል። ልጅ ሆኜ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሥዕል ሥዬ በየቤቱ አድል ነበር። መልአክ ነው ብዬ የሣልኩት ሁልጊዜ የቤታችንን አከራይ ይመስልብኛል፤ ክንፍ ያለው፣ ጢም ያለው፣ ኪራይ የሚጠይቅ መልአክ። ሰው እየሳቀ ይቀበለኛል። ከአባቴ ቤት ወጥቼ በየበሩ ስቆም አንድ ጊዜም "ማን ነህ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጫማዬ ይናገራል፤ ወንድሜ የጨረሰው ጫማ ነበርና። ሚኒባስ ላይ በጉን አስጭኜ ስመለስ ይህንኑ ሳስብ ነበር። ቢፍቱ በየበሩ ብትቆም የማን ልጅ ነኝ ትላለች? ወያላው "የበጉ ሒሳብ" ብሎ ባይቀሰቅሰኝ ኖሮ እስከ ጅማ እሄድ ነበር።

የበዓሉ ጠዋት ግቢያችን ሰልፍ ሜዳ መሰለ። አስካለ ለቢፍቱ ከሰበታ ገበያ እጅጌው እንደ ፊኛ የተነፋ ቢጫ ቀሚስ ገዝታላታለች፤ ልጅቷ በነፋስ ትነሣብናለች ብዬ ፈርቼ ነበር። በጎቹ ሁለት ማዕዘን ላይ ታሰሩ። ሐጂ የእርሳቸውን ፊቱን ወደ ቂብላ አዞሩ፤ እኔ የእኔን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። በጎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እነሱም ግራ ገብቷቸዋል። እኔ በስመ አብ አልኩ፣ እሳቸው ቢስሚላህ አሉ፤ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ሳፋ። ቢፍቱ በረንዳው ላይ ቀሚሷን ይዛ ታያለች። የበግ ቆዳ ገዢው "ቆዳ አለ፣ የበግ ቆዳ" እያለ መጥቶ አንገቱን በአጥሩ ሲያስገባ ሁለት ቆዳ ጎን ለጎን አየ።

"ሁለት?" አለኝ። "ጋሼ፣ ሎተሪ ደረሰዎት እንዴ?"

"ልጅ ደረሰኝ" አልኩት።

ከቀትር በኋላ ማዕዱ ቀረበ። አስካለ የሠራችበት ነጭ ድስት በአንድ ወገን፣ የሐጂ ባለቤት የሠሩበት ቀይ ድስት በሌላ ወገን፤ መሐል ላይ ለሁላችንም የሚሆን ድፎ ዳቦ። አምስት ሆነን ተቀመጥን። እኔ የተናገርኩትን ንግግር እስከ ዛሬ ሐጂ ከድር ይቀልዱበታል። "ቢፍቱ" አልኩ ተነሥቼ፣ "ይህ የጋሼ በግ ነው፤ ያ የሐጂ በግ ነው። አንቺ የወደድሽውን፣ ማንም ሳይጫንሽ፣ በነፃነት ትመርጫለሽ። አንቺ እስክትመርጪ ድረስ እኛ እጃችንን አንዘረጋም።" ምርጫ ቦርድ እንዲህ ቆንጆ አይናገርም። ምናልባት የእኛን አበላል አይታ ይሉኝታ እንዳይዛት ብለን ከዋዜማው የተስማማንበት ነበር።

ቢፍቱ አየችን። ድስቶቹን አየች። እንደገና እኛን አየች። አራት አዋቂ ሰዎች እጃቸውን ታጥበው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ይጠብቃሉ። የወጡ ቅባት ረጋ። የሐጂ ሆድ ሲጮኽ ባጃጅ መጣ ብዬ በሩን አየሁ። ልጅቷ ቀስ ብላ እጇን ዘረጋች፤ ከድፎ ዳቦው ቁራሽ ቆረሰች። ቁራሿን በልታ ጨረሰችና "ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተነሥታ ወጣች።

አስካለ ሽንኩርት ልላጥ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ በዚያ ሰዓት የሚላጥ ሽንኩርት አልነበረም። የሐጂ ባለቤት ተከተሏት። ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። እኔ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ቀልድ የማይጠፋብኝ ሰውዬ፣ የዳቦ ፍርፋሪ መልቀም ያዝኩ። ማግስቱን ነበር የማስበው፤ ያችን ባለሙያ ከቢፍቱ ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ ቢፍቱ ፌስታሏን ይዛ ስትነሣ። ሁለት በግ አርደን ከአንድ ልጅ ጋር መግባባት አቃተን።

ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቀሚሷ በዙሪያዋ ተነፍቶ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ቢፍቱ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ለምን ሥጋውን አልበላሽም?"

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "በጎቹ ታመው ነበር?" አለችኝ።

"የምን መታመም?"

"ታዲያ እናንተ ለምን አልበላችሁም? ሐጂም አልበሉም። እትዬም አልበሉም። እርስዎም አልበሉም።"

ይህንን ስትለኝ ያን ሁሉ ቀን የተሸከምኩት ነገር በአንዴ ከትከሻዬ ወርዶ እግሬ ላይ አረፈ፤ አመመኝ። "አንቺ እንድትመርጪ ብለን ነው እኮ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ከሁለቱ አንዱን። ቀዩን ድስት ወይም ነጩን።"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች። "እዚያ የሰጡኝን ነበር የምበላው።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደዚያ ትኩር ብላ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። "እዚህ ቤት የኛ የቱ ነው?"

እኔ እንግዲህ ከሰበታ እስከ አዲስ አበባ ሙሉ ሰርቪስ ሰው በወሬ የማደርስ ሾፌር ነኝ። ይህን ግን አንድም ተሳፋሪ ጠይቆኝ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ እሷ ምን እንደሆነች ስጠይቅ፣ ልጅቷ የምትጠብቀው እኛ ምን እንደሆንን ነው። "ነጩ" አልኩ እንደ ምንም። "ነጩ ድስት ነው።"

ቀሚሷን ሰብስባ ተነሣች፤ ከፊቴ ገባች፤ ቦታዋ ተመለሰችና ከነጩ ድስት እንዲወጣላት ሳህኗን ከማድ ቤት ለተመለሰችው አስካለ ዘረጋች። አስካለ በሽንኩርቱ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ጭልፋውን ሞልታ ስትገለብጥላት የወጡ ግማሽ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። "ቋንጣውንስ ያን ቀን ለምን ተውሽው?" አልኳት ቢፍቱን፣ መርማሪነቴ አልለቅ ብሎኝ። አፏን ከፈተችና አንዲት የፊት ጥርሷን በምላሷ ወደፊት ወደኋላ ወዘወዘችልኝ። ሐጂ ከድር "አልሐምዱሊላህ፣ የጥርስ ሃይማኖት ነው" አሉና ወደ ቀዩ ድስት ዞሩ፤ እንደዚያ ቀን ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም።

ሲሄዱ ቀዩን ድስት ከነተረፈው እኛ ቤት ትተውት ሄዱ። በሩ ላይ ይዘውኝ ቆሙ። "ስማ ሾፌሩ" አሉኝ። "ዛሬ ልጅ ናት፤ የአባቷን ትብላ። አድጋ የጠየቀች ዕለት ግን እኔና አንተ የምናውቀውን ሁሉ እንነግራታለን።"

"ምን እናውቃለን?"

"ምንም። ያንኑ እንነግራታለን። ከዚያ ራሷ ትፈልግ።"

አድጋ ጠይቃለች፤ ነግረናታል። ፈልጋ ምን እንዳገኘች እሷ ታውቃለች፤ ለእናንተ አልነግርም፤ እኔ ያኔ መጠየቅ ያመጣብኝን አይቻለሁ።

በማግስቱ ባለሙያዋ መጣች፤ ቦርሳዋን ታቅፋ፣ ጃንጥላዋን ዘግታ። እንዳለችው እኛን አስወጥታ ከቢፍቱ ጋር ሳሎን ዘጋች። አስካለና እኔ በሩ ላይ ጆሮ ለጆሮ ተጣበቅን፤ አንድ ሰው ቢያየን ሌባ ብሎ ይጮህብን ነበር። ሴትዮዋ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "ቢፍቱ፣ እዚህ መኖር ትፈልጊያለሽ? አትፍሪ፣ ንገሪኝ" ስትል ሰማን። አስካለ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ የገባበት ቦታ አሁንም ብርድ ሲሆን ይቆረጥመኛል። ወንበር ተንቀሳቀሰ፤ ትንንሽ እግሮች ሳሎኑ ጥግ ወደተቀመጡት ወደ ትናንትናዎቹ ድስቶች ሲሄዱ ሰማን፤ ክዳን ተነሣ፤ ሌላ ክዳን ተነሣ።

"እትዬ ይቀመጡ" አለቻት ቢፍቱ ባለሙያዋን። "የሚበሉት የቱን ነው? ሁለቱም አለን።"